ዘመድነት እስከ ኬላ

ድሬዳዋ ራሷ የጉዞ እክል የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው እምቢ አለው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ደርሶ ጓዙን አራገፈና ሰፈሩ «አዲስ ሐረር» ተባለ። (አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1917 ቆይቷል፤ ስለዚህ ዛሬ አውቶቡስ ዘገየ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው ታሪክ አያውቅም።) ስሙ አልጸናም፤ ጓዝ የማራገፉ ልማድ ግን ጸና። ከዚህች ከተማ ባዶ እጁን የሚሳፈር ሰው ቢገኝ የሌላ ሰው ጓዝ ይታደለዋል።

እኔን ጓዝ ያደረገችኝ አክስቴ ናት። ቀፊራ ገበያ ልብስ ትነግዳለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴን «ይህ ልጅ ከስቷል፤ አዲስ አበባ ወስጄው አየር ይለውጥ» ትላታለች። አየር ለዋጭ እኔ፣ ገንዘብ ለዋጭ እሷ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ታለብሰኛለች። ናይለን ሸሚዝ፣ በላዩ ሌላ ናይለን ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ። ከታች ጠበብ ያለ ጂንስ፣ በእሱ ላይ ሰፋ ያለ ጂንስ፣ በሁሉም ላይ «ሰው እንዳይጠረጥር» የትምህርት ቤት ካኪዬ። ለገሃር ስንደርስ እጆቼ ወደ ጎኔ አልወርድ ብለው ተንሳፍፈው ቀርተዋል። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፤ ተደገፍኩ። ሽንት ቤት የሚባለውን ነገር አታንሱብኝ፤ ሦስት ዚፕ ነው።

ኤረርን አልፈን አፍደም ስንቃረብ ባቡሩ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ሸሚዙን ከፍቶ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ለብርድ የተሰናዳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፈታሹ መጣና ትክ ብሎ አየኝ።

«ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

«ወባ ይዞት ነው ጌታዬ፤ ይንቀጠቀጣል» አለች አክስቴ፣ በጉልበቷ እየነቀነቀችኝ።

ላቤን አየና አመናት። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን አንጀታቸው አልችል አለ። «ምስኪን!» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ደረቡልኝ። አክስቴ እንባዋን ጠራርጋ መረቀቻቸው።

መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ አቁመው ላጡኝ። ነጋዴው ከውስጥ የነበረውን ሸሚዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሸተተና ዋጋ ቀነሰ። አክስቴ የዞረችው ወደ እኔ ነው። «ምናለ ትንሽ ቀዝቀዝ ብትል?»

ኮንትሮባንድ አገር ይጎዳል የሚለውን ስብከት በደንብ አውቀዋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ሰባኪው የለበሰው ሸሚዝ በየትኛው ልጅ ገላ ላይ ተጉዞ መጣ?

አድጌ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ከቀትር በኋላ ከተማዋ ሽርጧን አገልድማ ስትጋደም እኛም ደብዳቤዎቹን ላለመቀስቀስ በዝግታ እንንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ፖስታ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዳደርስ ታዘዝኩ። በአውቶቡስ ነው፤ ባቡሩ በዚያ ዘመን አርጅቶ ነበር። አሁን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው ይባላል፤ ጋቢ ደራቢ ሽማግሌ ይኑረው አይኑረው አላጣራሁም።

የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ጸሎት ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ሜዳው ላይ ስንወጣ ዘመድነት ይጀምራል። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ቁልቢ ላይ «ወንድሜ» አሉኝ፤ ሂርና ላይ «የእናቴ ልጅ»፤ ጭሮ ምሳ ልበላ ስወርድ «ሂድ፣ ቦርሳህን እኔ አይልሃለሁ»።

አዩልኝ። አዋሽ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ሲከፈት ከፖስታው በላይ ጫማ ተደርድሯል። ፈታሹ አንድ አወጣ፤ ግራ። ሌላ አወጣ፤ ግራ። አሥራ አንድ ጫማ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረ፤ አሥራ አንዱም ግራ።

«ቀኙስ?»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «ማን ነው ደግሞ ይኼ?» አሉ የእናቴ ልጅ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው እየሳቡ።

ፈታሹ የሥራ መታወቂያዬን አየ፣ ጫማዎቹን አየ፣ እግሮቼንም አየ። ቀኝ የሌለውን ጫማ ወርሶ ለማን ይሸጠዋል? ፎርሙ ላይ የሚጻፈው በጥንድ ነው። ረጅም ጊዜ አሰበና «መልሰህ ክተት፤ ከዓይኔም ጥፋ» አለኝ።

ከኬላው ትንሽ እንደራቅን ዘመድነቱ ታደሰ። ቀኞቹ ከሾፌሩ ጀርባ በተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ዘንድ ነበሩ። አዳማ ስንደርስ በሰላም ተገላገለች።

በማግስቱ የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጨማደደውን ፖስታ ተቀብለው ደብዳቤውን ሲዘረጉ ረጅም ጥቁር የጫማ ማሰሪያ ተያይዞ ወጣ። የፖስታው አፍ መንገድ ላይ ተላቅቆ ነበር። ኃላፊው ማሰሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ወደ ደብዳቤው ግርጌ ወረዱ። «አባሪ፦ አንድ» ይላል። እውነተኛውን አባሪ መሥሪያ ቤቴ ማያያዙን ዘንግቶት ኖሯል። ማሰሪያዋ ቁጥር ተሰጥቷት ገቢ ሆነች፤ እኔም ማስረከቤን ፈርሜ ወጣሁ።