ልጁ ዜጋ ይሆናል፤ ውሸቱ ግን የወላጆቹ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጥሪት ያለው ቤተሰብ ልጅ ሲጠብቅ ከዘመድ አዝማድ የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው። «እንደ ምንም ብለሽ አሜሪካ ሄደሽ ውለጂ» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የሚመነጭ ነው። ልጁ ነገ ለቪዛ ሰልፍ እንዳይቆም፣ ትምህርቱን በፈለገበት እንዲማር፣ አገር ቢታመስ መሄጃ እንዲኖረው ታስቦ ነው። ይህን በሚመኝ ወላጅ ላይ ለመፍረድ አልተነሣሁም። ጠቤ ከምክሩ ተከታይ ጋር ነው፦ «እርጉዝ መሆንሽን እንዳታነሺ፤ የአጎትሽ ልጅ ሠርግ አለ በይ፤ ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሺ።» ይህ ሲነገር እንደ ተራ ብልጠት ነው የሚነገረው። የሚያስከፍለውን ዋጋ መካሪዎቹ አብዛኞቹ አያውቁትም፤ የሚያውቁት ደላሎች ደግሞ አይናገሩትም።

አስቀድሞ ያልተከለከለውን እንለይ። ነፍሰ ጡር ሴት አሜሪካ እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ የለም፤ እዚያ መውለድም ወንጀል አይደለም። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ ዜጋ የሚሆንበት መብት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1868 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1898 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች በተወለደው በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ አጽንቶታል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፈረሙት ትእዛዝ ይህን መብት ለማጥበብ የወጣ ነው። እናቱ በጊዜያዊ ቪዛ የገባች፣ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሕፃን ዜግነት እንዳያገኝ ይላል። የፌዴራል ዳኞች አገዱት፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጎብኚ ቪዛ ሄዳ ለመውለድ የምታስብ እናት ትእዛዙ በቀጥታ እርሷን የሚመለከት መሆኑን ልብ ልትል ይገባል። እኔ የማነሣው ጉዳይ ግን በዚያ ትእዛዝ መጽናት ወይም መውደቅ የሚለወጥ አይደለም።

ለውጡ የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከጃንዋሪ 24 ቀን 2020 ጀምሮ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጎብኚ ቪዛ ደንቡን አሻሽሏል። የጉዞዋ ዋና ዓላማ እዚያ ወልዳ ለልጇ ዜግነት ማስገኘት የሆነ አመልካች የጎብኚ ቪዛ አይገባትም። ቆንስሉ አመልካቿ በቆይታዋ ትወልዳለች ብሎ የሚያምንበት ምክንያት ካገኘ፣ ዋና ዓላማዋ ያ እንደሆነ ይገምታል፤ እንዳልሆነ ማስረዳት የእርሷ ፈንታ ነው። ከዚያ በፊት ለመውለድ መሄድ ብቻውን ቪዛ የሚያስከለክል ምክንያት አልነበረም። ከ2020 በፊት ሄዳ የወለደች ጎረቤት በሙሉ ልብ የምትሰጠው ምክር ለዛሬዋ አመልካች የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ ሲጠብቅ ሰው ታሪክ መፍጠር ጀመረ። እዚህ ላይ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች እየተምታቱ ነው። አንደኛው መከልከል ነው። ኤምባሲው አጠገብ ያሉ ፎርም ሞዪዎች ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት፣ «214 ቢ» የሚባለው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ፣ ማንኛውም የጎብኚ ቪዛ ጠያቂ እዚያ ለመቅረት ያሰበ ነው ብሎ ይነሣና ተቃራኒውን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ያላሳመነ ይከለከላል። መከልከል ያናድዳል፤ የከፈሉት 185 ዶላርም አይመለስም። ነገር ግን ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ ማመልከት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተከልክሎ በኋላ አግኝቷል።

ሁለተኛው መዋሸት ነው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 212፣ ለውሳኔው የሚያስፈልግ ቁም ነገርን አውቆ በማዛባት ቪዛ ያገኘን ወይም ለማግኘት የሞከረን ሰው አሜሪካ ከመግባት ያግደዋል። «የሞከረን» የምትለው ትሰመርበት፤ ቪዛውን ያላገኘም ይታገዳል። እገዳው ሦስት ዓመት ወይም አምስት ዓመት ተብሎ አልተወሰነም። የዕድሜ ልክ ነው። ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር የቆንስሉ መስኮት ላይ ቆሞ «አዎ፣ ሠርግ ነው» ያለ ባልም ለራሱ ቃል ለብቻው ይጠየቃል።

የሰዎች መጽናኛ የታወቀ ነው፦ «ልጄ 21 ዓመት ሲሞላው ይወስደኛል።» እውነት ነው፤ 21 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ለእናቱና ለአባቱ ማመልከት ይችላል፤ የወንድምና የእህት ማመልከቻ ያለበት የዓመታት ወረፋም የለበትም። ማመልከቻው ግን የሚያስረዳው ዝምድናን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወላጅ ራሱ መግባት የሚፈቀድለት ሰው መሆኑ ይመረመራል። የዝምድናው ማስረጃ ደግሞ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የልደት ቀኑን፣ ከተማውንና የእናቱን ስም የያዘ ሰነድ። «ለሁለት ሳምንት ሠርግ» ብላ የገባችበት ቀን በመንግሥቱ መዝገብ ላይ ተቀምጧል፤ ቆንስሉ የጻፈው ማስታወሻም እንዲሁ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሂሳቡን ለመሥራት ጣት አያስፈልገውም። እናትን ለማስገባት የሚቀርበው ወረቀት ራሱ በእናት ላይ ምስክር ይሆናል።

ያኔ ቤተሰቡ ዌቨር ወደሚባለው የይቅርታ ጥያቄ ይሮጣል። ሕጉ በርግጥ ይቅርታ ያውቃል። ለመኖር ለሚገባ ሰው ይቅርታ የሚሰጠው ግን እገዳው አሜሪካዊ ወይም ቋሚ ነዋሪ በሆነ የትዳር ጓደኛው፣ እናቱ ወይም አባቱ ላይ ከባድ ችግር የሚያደርስ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ልጅ የለም። ልጁ አሜሪካዊ ቢሆን፣ ወታደር ቢሆን፣ ሐኪም ቢሆን፣ እናቱን ናፍቆ ቢታመም፣ የእርሱ ችግር ለዚህ ይቅርታ በቂ መነሻ አይደለም። በ2021 የተወለደ ልጅ በ2042 አድጎ ለእናቱ ሲያመለክት፣ እርሱ ከመወለዱ በፊት የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠብቀዋል፤ እርሱ ደግሞ ያንን ሊያነሣው አይችልም። የራሷ እናት ግሪን ካርድ ያላት ሴት ዕድል ሊኖራት ይችላል፤ የሌላት ግን ለአጭር ጉብኝት የሚሰጠውንና በባለሥልጣናቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለውን ሌላ ይቅርታ ከመለመን በቀር መንገድ የላትም። ውሸቱ የተነገረው ለልጁ ሲባል ነበር፤ ሕጉ ግን ልጁን ከሚያማልዱት ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ይህ ጭካኔ ነው ብል አላጋንንም፤ ሆኖም ሕጉ ይኸው ነው።

በየዓመቱ ዲቪ የሚሞላ ቤተሰብም ይህን ያስብበት። እገዳው ዕጣ የወጣለትንም ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ይጠብቀዋል።

ቀን ማሳለፍም የራሱ ዋጋ አለው። ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን የመግቢያ ጊዜን እንጂ የቆይታን ርዝመት አይወስንም፤ ቆይታውን የሚወስነው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለው ኦፊሰር ነው። ከተፈቀደለት ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ አሳልፎ የወጣ አሥር ዓመት ይታገዳል። የዚህኛውም ይቅርታ ባልን፣ ሚስትንና ወላጅን እንጂ ልጅን አይቆጥርም። «ትንሽ ታርፊ፣ ክርስትናው እዚሁ ይነሣ» እየተባለ ስንቷ አራስ ቀኗ አልፎባታል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ማስፈራሪያ እንዳይመስል፣ በጃንዋሪ 2019 በደቡባዊ ካሊፎርኒያ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የቻይና እናቶችን እያመጡ የሚያስወልዱ ድርጅቶችን በሚመለከት በ19 ሰዎች ላይ ክስ ተመሠረተ። ክሱ ያተኮረው በመውለዱ ላይ አልነበረም። ደንበኞቻቸው ስለ ጉዞው ዓላማና ስለ ቆይታው ርዝመት ለቆንስሉ እንዲዋሹ አሠልጥነዋል፣ መጀመሪያ በሃዋይ በኩል እንዲገቡና እርግዝናን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ መክረዋል ነው የተባለው። አንዳንዱ ደንበኛ ከ40,000 እስከ 80,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ሰፊ ቀሚስ የሚለው ምክር እንግዲህ በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ክስ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

እኛ ዘንድ ያን ያህል የተደራጀ ነገር የለም፤ ያለው ደላላ ነው። ፎርሙን ይሞላል፣ ከሌለ መሥሪያ ቤት የሥራ ደብዳቤ ያመጣል፣ የባንክ ሂሳብ ለሳምንት አስሞልቶ ማስረጃ ያስጽፋል፣ የግብዣ ወረቀት ያዘጋጃል። ሲበላሽ ስልኩን ያጠፋል። መጨረሻ ላይ «እውነት ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው ግን አመልካቹ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳያነቡ ማረጋገጥ፣ ባዶ ቼክ ፈርሞ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። «የሞላልኝ ሌላ ሰው ነው» የሚለው መልስ በመስኮቱ ላይ በየቀኑ ስለሚሰማ ክብደቱን አጥቷል።

ኢፍትሐዊነቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን እኔም የማልወደውን ዓይነት መካሪ እሆናለሁ። የ2020 ደንብ የሚመለከተው ቪዛ ለመጠየቅ መስኮት ላይ የሚቆመውን ሰው ነው። ያለ ቪዛ መግባት የተፈቀደላቸው ከ40 በላይ አገሮች አሉ፤ ፈረንሳዊቷ ወይም ጃፓናዊቷ ነፍሰ ጡር በኢንተርኔት ፈቃድ ወስዳ ትሳፈራለች፤ የቆንስል ጥያቄ አይገጥማትም። የእኛ ሰው በአንጻሩ ከጁላይ 2025 ወዲህ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ሆኗል። እህቷን ልትጠይቅ የምትሄድ፣ ለመውለድም ያላሰበች ነፍሰ ጡር በሆዷ መጠን ተመዝና ስትከለከል ያሳዝናል። ይህን በጋዜጣም በፍርድ ቤትም መሞገት ይገባል። መስኮቱ ላይ በፈጠራ ታሪክ መበቀል ግን የሚጎዳው ተበቃዩን ነው።

ውሸት ያልሆነውንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሰው በማያስፈራው ነገር ሲፈራ ነው ወደ ውሸት የሚሄደው። ያልተጠየቁትን አለመናገር በራሱ ማዛባት ተደርጎ አይወሰድም። ቆንስሉ ስለ እርግዝና ካልጠየቀ ከበር ጀምሮ መለፈፍ ግዴታ አይደለም፤ ከጠየቀ ግን መልሱ አንድ ብቻ ነው። ለአጭር ጉብኝት በእውነት ሄዳ ምጥ ያለ ጊዜው የመጣባት እናት አልዋሸችም፤ የመመለሻ ቲኬቷንና የሐኪሟን ወረቀት ታስቀምጥ። ከባድ የእርግዝና ችግር ኖሮባት እዚያ ልዩ ሕክምና የምትፈልግ ሴትም ይህንኑ ብላ ማመልከት ትችላለች፤ ለምን እዚያ መታከም እንደፈለገች፣ ሊቀበላት የተስማማ ሐኪም መኖሩንና ወጪውን ከየት እንደምትከፍል ማሳየት ይኖርባታል።

ወጪው ዋዛ አይደለም። በቀዶ ጥገና የሚወለድ ልጅ ሂሳብ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። «መንግሥት ይሸፍነዋል» ብለው የድሆች የጤና መድን የሆነውን ሜዲኬድ የተጠቀሙ ጎብኚዎች፣ ቪዛ ሊያድሱ ሲመለሱ የሆስፒታሉን ደረሰኝ ሲጠየቁ ይደነግጣሉ። ራሳችንን እንችላለን ብለው የገቡት እነርሱው ነበሩና።

ልጁም ቢሆን አገሩ ሲመለስ ነገሩ አያልቅም። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ግን ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ያወጣል፤ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል፣ አይመርጥም አይመረጥም። በሌላ ወገን ደግሞ ቦሌ ተቀምጦ በብር ደመወዝ የሚያገኝ አሜሪካዊም ገቢው ከተወሰነው መጠን ካለፈ በየዓመቱ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ማሳወቅ አለበት። ወንድ ከሆነም ሲያድግ ለውትድርና የመመዝገብ ግዴታ አለበት። እነዚህን ነገሮች ለገንፎ የሚሰበሰቡት እናቶች ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን በዚህ ሰዓት በደላላ የተሞላ ፎርም ገብቶ ቃለ መጠይቁን የምትጠብቅ ባለትዳር ትኖራለች። የቪዛው አሠራር ለእርሷ አንድ ቀዳዳ ትቶላታል፦ ውሸቱ ከመጋለጡ በፊት ሰው በራሱ ፈቃድ፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካረመው እንዳልተናገረው ሊቆጠርለት ይችላል። ፎርሙን አስከፍታ ታንብበው፤ እውነት ያልሆነውን አርማ እንደገና ታስገባ። ቀጠሮው ደርሶ ከሆነም መስኮቱ ላይ ቆንስሉ ሳይጠይቃት «ፎርሙ ላይ የተሳሳተ ነገር አለ፣ ላስተካክል» ትበል። ምናልባት ያን ቀን ትከለከላለች። 185 ዶላሯን ታጣለች፤ የደላላውንም ገንዘብ።