ሳያነብ የሚያዘምን ይባረክ

በአዲስ አበባ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የምድር ወለል ሱቆች ውስጥ፣ በጸጉር ቤትና በእህል መሸጫ መካከል ያልተዘመረላቸው ጀግኖች ይኖራሉ። ለክሊኒክ የታካሚ መዝገብ፣ ለሱቅ የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ይህንስ ማንም ይሠራዋል። ጀግና ያሰኛቸው፣ ማሽን ሊመክራቸው አፉን ሲከፍት «ዝም በል!» የማለት ወኔያቸው ነው።

አንባቢ ፈሪ ነው። አንድ የኦፕን ሶርስ ፓኬጅ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፕሮግራም ጥቅል) ለማዘመን የለውጥ ማስታወሻውን ይከፍታል፤ ምን ተጨመረ፣ ምን ተወገደ፣ ምን ተሰበረ እያለ ግማሽ ቀን ያባክናል። ከዚያ መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል። ከዚያ በሙከራ ማሽን ላይ ይሞክራል። እስከዚያው መብራት ይሄዳል። የእኛ ጀግና ግን መብራት ሳይሄድ ይጀምራል፣ መብራት ሳይሄድ ይጨርሳል፤ የሚጨልመው ደንበኛው ብቻ ነው።

የሰፈራችንን ጀግኖች አለቃ በሥራ ላይ ማየት መታደል ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ እሳቸው የክሊኒኩን ሰርቨር ማዘመን ይጀምራሉ። (አርብ መሆኑ የግድ ነው፤ ማክሰኞ ማዘመን ወግ አይደለም።) ጽሑፉ በገጹ ላይ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ድንገት የሰርቨሩ ሥርዓተ ክወና፣ ደቢያን፣ ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ይህን የማዋቀሪያ ፋይል ከዚህ በፊት ለውጠኸዋል፤ አዲሱን ላስገባ ወይስ ያንተን ላቆይ? ልዩነቱን ማየት ብትፈልግ «ዲ»ን ተጫን። ለልምምድ የመጣችው ልጅ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ልዩነቱን አያዩትም?»

«የኔ ልጅ፣ ልዩነት ይጠብባል እንጂ አይታይም» አሉና ኢንተርን ተጫኑ።

«ከላይ ደግሞ ስለ ዳታቤዙ አንድ ማስታወሻ አልፏል።»

«ካለፈማ አለፈ!»

ያለፈው ማስታወሻ የታካሚውን መዝገብ ስለያዘው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ስለ ፖስትግሬስ ነበር። የፖስትግሬስ ዋና ቁጥር ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከ15 ወደ 16፣ አዲሱ ሰርቨር የድሮውን የመረጃ ማኅደር እንዳለ አያነበውም። ወይ በማሻገሪያ መሣሪያው ማሻገር፣ ወይ መረጃውን አውጥቶ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። አለቃችን ግን አሮጌውን ሰርቨር «ቦታ ይዟል» ብለው አስወገዱትና ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ሰኞ ጠዋት የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሲከፈት በአዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ አንድም ታካሚ የለም። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ጨጓራው፣ ሁሉም ጠፍቷል። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሰፈሩን በሙሉ የፈወሰ ሐኪም ከዚህ በፊት ሰምታችኋል? እሳቸው ግን ምስጋናውን ለራሳቸው አልወሰዱም። «የመብራት መቆራረጥ ነው» አሉ በትሕትና። ልጅቱ ማስታወሻውን በወረቀት ገልብጣ ይዛው ነበር፤ ገና ወጣት ናትና ይቅር እንበላት።

ማስታወሻ አይገታው፣ ምክር አይመልሰው፤
አንዲት ቁልፍ ነክቶ ሰርቨር የሚያፈርሰው!

ከማስታወሻ የባሰው ጠላት ግን የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ነው። ይህ ፍጡር ማስጠንቀቂያውን በሐምራዊ፣ ስህተቱን በቀይ እየቀለመ ይለፈልፋል። ከማስጠንቀቂያው ሥር ደግሞ ሌላ መስመር ጨምሮ፣ «ይህን ፋይል ብታስገባ ይስተካከላል» ብሎ መድኃኒቱን ሳይቀር ያዝዛል። ሳይጠሩት መጥቶ ምክር የሚሰጥ ዘመድ ማን ይወዳል? የአለቃችን መርህ አጭርና የጠራ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ስህተት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ከወጣ ሌላው ወሬ ነው።

ይህ መርህ ስንት ዓመት እንዳኖረን ተመልከቱ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ያልታወጀን ፈንክሽን (አስቀድሞ ያልተዋወቀ የኮድ ክፍል) መጥራትን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደንብ አስወግዶታል። ኮምፓይለሩ ያልታወጀውን ፈንክሽን ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ስለሚገምት፣ የሚመለሰው የሜሞሪ አድራሻ ከሆነ በ64 ቢት ማሽን ላይ ግማሹ ሊቆረጥ ይችላል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ግን ለነባር ኮድ አዝኖ ማስጠንቀቂያ ብቻ እየሰጠ ቆየ። በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ነው ትዕግሥቱ አልቆ ነገሩን ስህተት ያደረገው። ሩብ ምዕተ ዓመት! ደንቡ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ያንኑ ማስጠንቀቂያ ወርሷል። አለቃችን ታዲያ ተሸነፉ? ፍቅር ለሌለው ኮምፓይለር «ፐርሚሲቭ» የሚባል ማለሳለሻ ትእዛዝ አገኙለት፤ ስህተቱ ተመልሶ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ በአንዲት ትንሽ «ደብሊው» አፉን ዘጉት። ገጹ ጸዳ፤ ኮዱ እንደነበረ ነው።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ያው ነው። ዲስትዩቲልስ የተባለው ፓኬጅ ሊወገድ መሆኑ በ2021 በ3.10 እትም ታወጀ፤ በ2023 በ3.12 እትም ተወገደ። አለቃችን በ2023 «እንዴት ሳይነግሩን!» አሉ።

ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ታላላቅ አበው አሉን። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫልግራይንድ የተባለ የኮድ መመርመሪያ፣ የምስጢር ቁልፍ በሚፈጥረው በኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ውስጥ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ አለ ብሎ አጉረመረመ። በደቢያን በኩል መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ የሚያጉረመርምባቸው መስመሮች ተሰረዙ። ቫልግራይንድ ዝም አለ። ከተሰረዙት አንዱ ግን የምስጢር ቁልፍ ሲፈጠር ዘፈቀዳዊ ቁጥሩን የሚመግበው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚለያየው የፕሮሰሱ (በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢበዛ 32,768 አማራጭ ነው። ነገሩ እስኪታወቅ እ.ኤ.አ. ሜይ 2008 ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይሰሙ መኖር! እንዲህ ያለ ሰላም በኮዬ ፈጬም አይገኝም።

«ኦፕን ሶርስ እኮ ነው፣ ሺህ ዐይን ያየዋል» ይላሉ አለቃችን። እውነታቸውን ነው። ሺው ዐይን እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ተከድኗል።

አሁን ደግሞ ትልቁ ፈተና እየመጣ ነው። ጊዜን ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ በሰከንድ እየቆጠሩ በ32 ቢት የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ሰዓታቸው ወደ 1901፣ በእኛ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። ደቢያን 13 በ2025 ሲወጣ ከአንዱ በቀር ባለ 32 ቢት ማሽኖችን ሁሉ ወደ 64 ቢት ጊዜ አሻግሯል፤ ማስታወሻውም ይህንኑ ይናገራል። ልጅቱ ማስታወሻውን አንብባ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ነው!»

አለቃችን ከወንበራቸው ሳይነሡ አሰቡበት።

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? በዚያ ቀን ዝግ ነን።»