«የሕዝብ ሞራል» የማን ሞራል ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጠን ወሬው ናሚቢያ ደረሰ። የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሁለት ጥንዶችን ጉዳይ አይቶ ነበር። አንዱ ጥንድ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው ጀርመን የተጋቡ ናቸው፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ፆታ። ፍርድ ቤቱ ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ጋብቻቸው ይታወቅ አለ። ፓርላማው ብዙም አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ውሳኔውን የሚሽር ረቂቅ ሕግ አጸደቀ።

«እኛ ጋ ቢመጣስ?» አለ አንዱ።

«ኧረ አቦ! ይሄም ጥያቄ ሆኖ!» ከዚያ ስድቡ ቀጠለ። ስድቡን አልደግመውም።

ጥያቄስ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ስለሆነ የምትዳኘው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። (50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ሐረር የራሷ አላት።) አንቀጽ 5 ውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ እዚህም ይጸናል ይላል፤ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ተመሳሳይ ፆታ አንድም ቃል የለበትም።

ዳኛ ፊት ቢቀርብ ውድቅ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነቱን ራሱን ያስቀጣል። ግን የጋብቻ ወረቀቱን የሚጥለው ያው «የሕዝብ ሞራል» የሚለው ቃል ነው፤ እኔን የሚከነክነኝም እሱ ነው። ምክንያቱም ድሬ ላይ ይህ ቃል ሌላም ሰው ይነካል።

ጅቡቲ ሁለተኛ ሚስት ማግባት ይፈቀዳል። የእኛ ቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 ይከለክላል። እዚያ ሁለተኛ ሚስት ሆና በወግ ኒካ ታስሮላት፣ ልጆች ወልዳ የኖረች ሴት ባሏ ሞተ እንበል። ወረቀቷን ይዛ ለውርስ ድሬ ብትመጣ በየትኛው ሞራል ትመዘናለች? በመጋላ ሰፈር? በከዚራ? ወይስ አዲስ አበባ ሆኖ ሕጉን ባረቀቀው ሰው? የሚገርመው፣ ከአንድ በላይ ማግባት ላይ የወንጀል ሕጉ ራሱ ሕግ ለሚያውቀው የሃይማኖትና የባህል ልማድ በአንቀጽ 651 በር ከፍቷል። አንዱ ሕግ ሲዘጋ ሌላው ገርበብ ያደርገዋል።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማይቀበለውን ጋብቻ በስሙ ጠርቶ ይጻፈው። ናሚቢያ የወሰነችውን እንውደደውም እንጥላውም፣ ፍርድ ቤቱም ፓርላማውም የተናገሩት በግልጽ ነው። እዚህም እንዲያ ቢሆን ውጭ ተጋብቶ የሚመጣ ሰው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ተማምኖ ጉድ አይሆንም። የጅቡቲዋ ሴትም መልሷን የምታውቀው ገና ባቡር ሳትሳፈር ነው።