ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር እያለ ባትሪው «ዓመት ይቆያል» አይባልም
ጽሑፉ ላይ የሮቶውን ውሃ ለክቶ በዋይፋይ የሚልከው ሴንሰር በአንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ ዓመት ይቆያል የተባለው ኖድኤምሲዩ ቦርድ (ኢኤስፒ8266 የተባለው የዋይፋይ ቺፕ የተገጠመበት ዝግጁ ሰርኪት) ላይ አይሠራም። ቺፑ ዲፕ ስሊፕ (ኃይል ለመቆጠብ የሚተኛበት ሁኔታ) ሲገባ 20 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው የሚበላው፤ ቦርዱ ላይ ያለችው ቮልቴጅ አስተካካይ ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ግን ብቻዋን 5 ሚሊ አምፔር ያህል ትጠጣለች፤ 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ሦስት ሳምንት አይሞላም። ቦርዱን ትታችሁ ያው ቺፕ ብቻውን ያለበትን ባዶውን ኢኤስፒ-12ኤፍ ሞጁል፣ ራሱ እምብዛም በማይበላው ኤችቲ7333 ሬጉሌተር አሠሩት፣ ከኃይል እግሩ አጠገብ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በይዱ፤ ያለሱ ዋይፋይ ሊልክ ሲል ቮልቴጁ ወርዶ ራሱን ደጋግሞ ሪሴት ያደርጋል። ጂፒአይኦ16 የሚባለው የቺፑ እግር ከሪሴት እግር ጋር በሽቦ ካልተገናኘ ደግሞ አንዴ የተኛ አይነቃም (ጽሑፉ ይህን መዝለሉ ይገርማል)። ቺፑ ሲተኛ የሴንሰሩንም ኃይል በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ቁረጡ። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካውን ባለ ሁለት ዓይኑን ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር የሮቶ እርጥበት ይገድለዋል፤ ውሃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ይሻላል፣ ግን ከ20–25 ሴንቲ ሜትር በታች ስለማያነብ ከሞላ ውሃ በላይ ያን ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል። ከላይ አስተያየት ላይ «ፓምፑንም በሰማያዊዋ 10 አምፔር ሪሌ አበራለሁ» (ሪሌ በቺፑ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው) ላልከው ወንድሜ፦ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ የሪሌው ምላስ ይጣበቅና ፓምፑ አልጠፋም ይልሃል። ሪሌው ኮንታክተሩን (ለሞተር የተሠራውን ትልቅ ማብሪያ) ያብራ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። እዚህ አራት ኪሎ መብራት ሄዶ ሲመጣም ሪሌው ጠፍቶ እንዲነሳ ኮዱ ላይ አስገባው።