ገና እኮ ቀኑ ይታወቃል!

ኧረ በየዓመቱ! በዓሉ ድንገት የሚመጣ ይመስል፣ ዋዜማው ላይ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ሰው በሰው ላይ ይረጋገጣል። የተጠራውን ዋጋ ከፍሎ ግማሹ የበሰበሰ ሽንኩርት ተሸክሞ መግባት። ያቃጥላል!

ጾሙ የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ከዚያ እስከ ገና ስንት ሳምንት አለ? በርበሬ ያኔ ተገዝቶ ይሰጣ፤ ለዚህ እንደ ድሬ ፀሐይ የት ይገኛል? ቅቤም ቀድሞ ይነጠር። ግን በጥድፊያ አይውረድ! ውስጡ ውሃ ከቀረ በዚህ ሙቀት ይበላሻል። መንጫጫቱ ዝም ብሎ፣ ላዩ ጠርቶ፣ ዝቃጩ ከሥር ሲቀር በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። እርጥብ ማንኪያ ነክቶት የሚበላሸው ስንቱ ነው!

ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይፈጃል። አንገቱ የደረቀውን መርጦ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት መዘርጋት እንጂ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ምን ይሉታል? ያልበዋል፣ ይበቅላል፣ ይሸታል።

ዶሮው ደግሞ ከታኅሣሥ 19 በፊት ይገዛ፤ ቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ቤት ካሉት ጋር ወዲያው አይቀላቀል! ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዞ የመጣ አንድ ዶሮ ቆጡን ሁሉ ይጨርሳል። ቅርጫውማ... ከጥቅምት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት እየተቻለ፣ ዋዜማ ላይ ብድር ፍለጋ መሯሯጥ ለምን?