የዘጠኝ ቀን ዝምታ በሁለት ቅጂ

ባለቤቴን እንደምወዳት እስካለፈው መጋቢት ድረስ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርኩም። በመጋቢት የማስረጃዎቹ ዝርዝር መጣ።

ባለቤቴ የምትኖረው አውስትራሊያ ነው፤ እኔም ወደ እርሷ ለመሄድ ቪዛ እየጠየቅሁ ነው። እርሷ ስፖንሰር ትባላለች፣ እኔ አመልካች እባላለሁ፤ ከዚህ በፊት ባልና ሚስት ነበርን። የአገሩ ሕግ የጋብቻ የምስክር ወረቀትን ይቀበላል፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ አይረካም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኢሚግሬሽን ደንብ የሁለት ሰዎችን ኑሮ አራት ቦታ ከፍሎ ይመለከተዋል፦ ገንዘባችሁ፣ ቤታችሁ፣ ዘመድ ወዳጅ እንዴት እንደሚያውቃችሁ፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ ያላችሁ ቁርጠኝነት። እኔም ሥርዓት ያለው ሰው ለመምሰል በኮምፒውተሬ ላይ አራት ፎልደር ከፈትኩ። አራተኛውን፣ «ቁርጠኝነት» የሚለውን፣ ወዲያው መልሼ ዘጋሁት። ምን እንደሚገባበት አላወቅሁም።

የገንዘቡ ፎልደር ቶሎ አለቀ፤ ገንዘብ ስላልነበረ። የጋራ የባንክ ሒሳብ ከፍተን አናውቅም። ደንቡ የጋራ ዕዳንም እንደሚቆጥር ባነበብኩ ጊዜ ግን ፊቴ በራ። ዕዳ እንኳ ነበረን። ያበደሩን ሰዎች ሁሉ በቃል የሚያምኑ ደጋግ ሰዎች ሆነው ተገኙና፣ አንዳቸውም ቢሆኑ አላስፈረሙንም። በሰው ደግነት ያዘንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቤቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከመሄዷ በፊት 14 ወር አብረን ኖረናል። የኪራይ ውሉ በእኔ ስም ነው፤ መብራቱ በአከራዩ ስም፤ ውኃው ከእኛ በፊት በነበረው ተከራይ ስም። በወረቀት ሲታይ በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ወንዶች ነበርን፤ ባለቤቴ የለችም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ኑሯችንን በራሴ አንደበት ለመግለጥ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም ደንቡ የቤት ሥራን እንዴት ትካፈሉ ነበር ብሎ ይጠይቃል። «ምግብ እርሷ ታበስል ነበር፤ ሳህን የማጥበው እኔ ነበርኩ» ብዬ ጻፍኩና ረቂቁን ላክሁላት። በዚያው ደቂቃ ስልኬ ጮኸ።

«የትኛውን ሳህን?»

«እንዴት የትኛውን?»

«14 ወር ሙሉ ያጠብከውን ሳህን ማወቅ ፈልጌ ነው። መልኩን ንገረኝ።»

አረፍተ ነገሩ «አልፎ አልፎ» የሚል ቃል ተጨምሮበት አለፈ።

ከፎቶግራፎቹ የጠበቅሁት ብዙ ነበር። 128 አገኘሁ። ችግሩ ከእኛ ውስጥ ፎቶ ማንሣት የሚወደው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ባለቤቴ በአብዛኞቹ ላይ ብቻዋን ናት። ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ከንፋስ ጋር ትታገላለች፤ ባል የለም። እኔ ያለሁባቸው 11 ሲሆኑ፣ በአራቱ ዓይኔ ተጨፍኗል፤ በአንዱ ላይ የሚታየው አውራ ጣቴ ብቻ ነው። ከሁሉም የምወደው አንድ አለ፦ ወደ ማታ ላይ የተነሣ ነው፤ ፀሐይዋ ከኋላዬ ስለነበረች ጥላዬ ረዝሞ እግሯ ሥር ድረስ ተዘርግቷል፤ እርሷ ደግሞ ጥላውን እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰብስባ በጥንቃቄ ቆማለች። ከሥሩ «ጥላው የአመልካቹ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። የሚያምነኝ ባለሥልጣን ይኑር አይኑር እንጃ።

ለቪዛ ሲሉ የተጋቡ ሐሰተኛ ባልና ሚስት ቢሆኑ ግን ፎቶ አያጡም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቃቅፈው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ቀኑን ከኋላው ጽፈው ያስቀምጣሉ። ዕዳም ሲበደሩ ፈርመው ነው። ደረሰኝ ሳንቀበል የተዋደድነው እኛ ነን መከራ የምናየው።

ምስክር ደግሞ ቅጽ 888 የሚባል ይሞላል፤ ዕድሜው 18 የሞላ፣ ሁለታችንንም የሚያውቅ ሰው። የቀድሞ ጎረቤታችን የነበረ ወዳጄ ነው የተገኘው። «እውነቱን ብቻ ጻፍ» ማለቴ ስሕተት ነበር። «ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። እርሷ ቅን ሰው ናት። እርሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጣም ይረሳል። እንዴት እንዳገባችው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ትወደዋለች ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘሁም» ይላል። ተቆጣሁ። ባለቤቴ ግን ሰምታ «ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ከየት ይመጣል! አንድም ፊደል እንዳይነካ» አለች።

ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ጨምሯል፣ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ቀንሷል፤ ሁለቱም እኔ መሆኔን የሚመሰክር ሦስተኛ ወረቀት አስፈለገ። ከወንጀል ነጻ ማስረጃም ባለፉት 10 ዓመታት 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርኩበት አገር ሁሉ ይጠየቃል፤ ወንጀል ለመሥራት እንኳ የትም ያልሄድኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ አልተቸገርኩም።

የተቸገርኩት በስልክ መልእክቶቻችን ነው። ተራርቀን ስንኖር እንዳልተቆራረጥን የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው፤ ከ600 ገጽ በላይ ሆኑ። ፍቅር ፍለጋ ገባሁባቸው። «በላህ?» «በላሁ።» «ደረስሽ?» «ገና።» «ያን ነገር ላክኸው?» «የቱን?» «ተወው።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። በ600 ገጽ ውስጥ «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ አለ፤ አንዱ ለሌላ ሰው ተልኮ በስሕተት ለእኔ የደረሰ ነው። (ለወንድሟ ነበር። አጣርቻለሁ።)

ገጽ 412 ላይ ስደርስ ግን ጉድጓድ አገኘሁ። ባለቤቴ ፀጉሯን ተቆርጣ ፎቶ ልካለች። እኔ ከስድስት ሰዓት በኋላ «እሺ» ብዬ መልሻለሁ። እርሷ «እሺ ምን?» ብላለች። ከዚያ 9 ቀን ምንም የለም።

መልእክቶቹ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለባቸውና ወረቀቱን ተሸክሜ ተርጓሚዋ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ገጹን ካየች በኋላ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ‹እሺ› የምን ‹እሺ› ነው?» አለችኝ።

«እሺ ነዋ።»

«የመስማማት አለ፤ የመሰልቸት አለ፤ ‹አይቻለሁ፣ ተዪኝ› የሚባልበትም አለ። በእንግሊዝኛ አንዱን መምረጥ አለብኝ።»

ለ9 ቀን ያጣላን ነገር በሁለት ፊደል ውስጥ እንደነበረ የነገረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። «ባለጉዳይዋን ጠይቄ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ደወልኩላት። እኔ ስለ ግንኙነታችን በምንጽፈው መግለጫ ላይ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር ብለን እንድንጽፍ አሰብኩ። «በሐሰት ፎርም አልፈርምም» አለች። «ተጣልተን ነበር በል። ለምን እንደተጣላንም ጻፍ።» እሺ ለምን እንደተጣላን ልጻፍ አልኩና ስንነጋገር፣ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር እላለሁ፤ እርሷ ፎቶውን ከፍተህ አላየኸውም ትላለች፤ እኔ አይቼዋለሁ እላለሁ፤ እርሷ «እንግዲያው በየት በኩል ነበር ያጠረው?» ትላለች። ስልኩ ተዘጋ።

ሦስት ቀን ዝም ተባባልን። እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ፎቶውን ትልቅ አድርጌ ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት። በግራ በኩል ነው ያጠረው፤ ጆሮዋን ያሳያል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መልእክት ገባ። «ከወንጀል ነጻ ማስረጃው ተተረጎመ?» ይላል። እጄ በልማድ «እሺ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ያዝኩት። «ተተርጉሟል። በግራ በኩል ነው። ያምርብሽ ነበር» ብዬ ላክሁ።

ብዙ ቆየች። የምትጽፍ መሆኗ ይታየኛል፤ ትጽፋለች፣ ታቆማለች፣ ትጽፋለች። በመጨረሻ መጣ።

«እሺ።»

ለተርጓሚዋ አንድ፣ ለራሴ አንድ፣ በሁለት ቅጂ አተምኩት፤ ዘግቼው የነበረውንም አራተኛውን ፎልደር ከፍቼ አስገባሁት።