ጎፓል የሰጠው የራሱን አልነበረም

ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1964 ለተመልካች ስላቀረበው «ሳንጋም» የተሰኘ የሂንዲ ፊልም ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ከሱንደርና ከጎፓል የበለጠ የተጎዳው ማን ነው? በዕድሜ ጠና ያሉት ተመልካቾች በአብዛኛው ለጎፓል ያዝናሉ። የሚወዳትን ሴት ለጓደኛው ሲል የተወ፣ በመጨረሻም ሕይወቱን የከፈለ በመሆኑ የእውነተኛ ወዳጅ ምሳሌ አድርገው ያነሱታል። ፊልሙን ዛሬ የሚያዩት ወጣቶች ደግሞ በሱንደር ይበሳጫሉ፤ እምቢ ያለችውን ሴት እየተከታተለ የሚያስጨንቅ፣ ካገባትም በኋላ ሽጉጥ የሚያወጣባት ሰው እንዴት የፍቅር ታሪክ ጀግና ይባላል ይላሉ። የወጣቶቹ ቁጣ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ፊልም ውስጥ ከባዱ በደል የተፈጸመው ሁሉም በሚያለቅስለት፣ በጨዋውና በዝምተኛው በጎፓል እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። ሱንደር፣ ጎፓልና ራድሃ የተባለች ሴት አብሮ አደጎች ናቸው። ሱንደር ራድሃን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል፤ የእርሷ ልብ ግን ከጎፓል ጋር ነው። ጎፓልም ይወዳታል፤ ሆኖም የጓደኛውን ስሜት ስለሚያውቅ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሱንደር የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ በካሽሚር ላሉ ወታደሮች ስንቅ ለማድረስ ሲሄድ፣ እርሱ በሌለበት በራድሃና በእርሱ መካከል ማንም እንዳይገባ ጎፓልን ቃል ያስገባዋል። ብዙም ሳይቆይ የሱንደር መርዶ ይመጣል። በዚያ ሐዘን ውስጥ ጎፓልና ራድሃ ይቀራረባሉ፤ ጎፓልም ስሙን ያላሰፈረበት የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላታል። ሊተጫጩ ሲሉ ሞተ የተባለው ሱንደር በሕይወት ይመለሳል፤ ጎፓል ወደ ኋላ ይላል፤ ራድሃም ሱንደርን ታገባለች። ያ ደብዳቤ አንድ ቀን በባሏ እጅ እስኪወድቅ ድረስ ትዳሩ ሰላም ይመስላል።

በሱንደር ላይ የሚቀርበው ክስ ማስረጃው በግልጽ የሚታይ ነው። ከፊልሙ ዘፈኖች ሁሉ በብዛት የሚታወሰው ሱንደር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ባግፓይፕ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ እየነፋ የሚዘፍነው ነው። ራድሃ ከታች ወንዙ ውስጥ እየዋኘች ነው፤ ልብሷ በእርሱ እጅ ይገኛል። የሕንድ ተመልካች ይህን ሲያይ የሂንዱ አምላክ ክሪሽና የእረኛ ልጃገረዶቹን ልብስ ወስዶ ዛፍ ላይ የወጣበትን የቆየ ትረካ ወዲያው ያስታውሳል፤ ስለዚህም ነገሩ ለብዙዎች የልጅነት ጨዋታ ሆኖ ይታያል። ሱንደር ጋንጋና ጃሙና የተባሉት ወንዞች ይገናኙ እንደሆነ፣ ማለትም እርሷና እርሱ አንድ ይሆኑ እንደሆነ፣ ደጋግሞ ይጠይቃታል። ደጋግማ አይሆንም ትለዋለች። በመጨረሻ ግን ተሰላችታ ይሆናል፣ ይሆናል ትላለች። ሱንደር ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን መልስ ብቻ ነው። ይህን የሚያነሱ ወጣቶች ፊልሙን በዛሬ ዓይን ብቻ አዩት ተብለው ሊወቀሱ አይገባም፤ የእርሷ እምቢታ በዘፈኑ ውስጥ በገዛ ድምፅዋ፣ ጥርት ብሎ ይሰማልና።

ነገር ግን ሱንደር አያውቅም። ይህ ነጥብ ለእኔ ሚዛኑን ይለውጠዋል። ራድሃ ሌላ ሰው እንደምትወድ፣ ያ ሰውም የቅርብ ጓደኛው እንደሆነ የነገረው የለም። እውነቱን ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው ጎፓል ነው፤ የራድሃን ልብ ያውቃል፣ የራሱን ያውቃል፣ የሱንደርንም ያውቃል። በሙያው የሕግ ሰው የሆነው ይህ ሰው፣ ሦስቱን የሚመለከት ጉዳይ ላይ አንዷን ባለጉዳይ ሳይሰማ ይወስናል።

የእኛ አገር ተመልካች ጎፓልን የሚወድበት ምክንያት ይገባኛል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ለሞተ ጓደኛ የሰጠውን ቃል ያፈረሰ መስሎት የሚሰቃይን ሰው ሲያይ ልቡ ይነካል። የሕንድ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶቻችን፣ ኋላም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤቶች ይታዩ በነበረበት ዘመን፣ ቋንቋውን ሳይረዳ ፊልሙን እስከ መጨረሻ የሚከታተለው ተመልካች ብዙ ነበር፤ ቃል፣ ወዳጅነትና ይሉኝታ ምን እንደሆኑ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። እኔም ቃል መጠበቅን አላቃልልም። ሰው ቃል የሚገባው ግን በራሱ ጉዳይ ነው። ጎፓል የገባው ቃል የራድሃን ሕይወት የሚመለከት ሆኖ ሳለ፣ ራድሃ የዚህ ስምምነት አካል አልነበረችም። እርሱ መሥዋዕት አደረግሁ ብሎ ያሰበው የገዛ ፍቅሩን ነው፤ አሳልፎ የሰጠው ግን እርሷን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሸክም ማን እንደተሸከመው ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ራድሃ ካገባች በኋላ በግማሽ ልብ አትኖርም፤ ያለፈውን ዘግታ ባሏን ለመውደድ ትወስናለች። ሱንደር ጎፓልን ወደ ስዊዘርላንድ ሲጋብዘው፣ ጎፓል ከእነርሱ እንዲርቅ የምትለምነው እርሷ ናት። ብዙ ተመልካቾች፣ ያኔም ዛሬም፣ የአውሮፓው ክፍል ረዝሟል፣ ለንደንና ፓሪስን፣ ቬኒስንም ለማስጎብኘት የገባ ነው ሲሉ ያማርራሉ። ፊልሙ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ያ ክፍል ባይኖር ኖሮ፣ ራድሃ በዚህ ትዳር ውስጥ ደስታ ለማግኘት ምን ያህል እንደጣረች አናይም ነበር። በፓሪስ የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ባሏ ሚስቱን ትቶ የምሽት ጭፈራ ለማየት ሲያምረው፣ በቀልድም በእልህም ለብሳ የምትጨፍርለት ትዕይንት የብዙዎች መነጋገሪያ ነው፤ እኔ በዚያ ውስጥ የማየው ትዳሯን በገዛ እጇ ልታቆም የቆረጠች ሴትን ነው። ለዚህ ሚናዋ ፊልምፌር የተባለውን የሕንድ ፊልም የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ያገኘችው ቫይጃያንቲማላ ባራታናቲያም የተባለው ጥንታዊ የሕንድ ውዝዋዜ ዳንሰኛ ነበረች፤ ቃል በሌለበት ቦታ ሁሉ በፊቷና በሰውነቷ መናገርን ታውቅበታለች።

ይህ ችሎታዋ ከሁሉ በላይ የሚታየው ሱንደር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ጓደኛም ጓደኛ አልሆነም፣ ፍቅርም ፍቅር አልሆነም እያለ በድምፃዊው በሙኬሽ ድምፅ በሚዘፍንበት ጊዜ ነው። ሦስቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። የሻንካርና የጃይኪሻን ዜማ፣ የሻይሌንድራ ግጥም የብዙ ሰው ዕንባ አስፈስሷል፤ ያለቀሰውም በአብዛኛው ለዘፋኙ ነው። ጎፓል አንገቱን ሊደፋ፣ ሊሰናበትና ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። ራድሃ ግን መሄጃ የላትም፤ ቤቷ ነው፣ ዘፋኙም ባሏ ነው። የሜሎድራማ ፊልምን ልቅሶና ዘፈን ይበዛዋል ብለው የሚንቁ ሰዎች ይህን ትዕይንት ደግመው እንዲያዩት እለምናለሁ። በንግግር ቢሆን አንዱ ሌላውን ይከስ፣ ሌላው ይመልስ ነበር፤ ዘፈኑ ግን ሁለቱንም በዝምታ እንዲሰሙ ያስገድዳቸዋል።

ደብዳቤው ሲገኝ ሱንደር ሽጉጥ ደግኖ የጸሐፊውን ስም እንድትናገር ያስፈራራታል። አትናገርም። እየበደላት ያለውን ባል ከወንጀል፣ ትቷት የሄደውን ሰው ከሞት የምትጠብቀው እርሷው ናት፤ ከሁለቱም ወንዶች የሚበልጥ መሥዋዕትነት ይህ ሆኖ ሳለ በክርክሩ ውስጥ ስሙ አይነሳም። የቤቱ ኑሮ የማይቻል ሲሆንባት ወደ ጎፓል ትሸሻለች፤ ሱንደርም ሚስቱ እዚያ መሆኗን ሳያውቅ ይመጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ ነው የዓመታት ዝምታ ተሰብሮ፣ ሁለቱ ሰዎች ስለ ወዳጅነታቸው ሲጨነቁ የእርሷን ፈቃድ እንደረሱ ራድሃ የምትነግራቸው። ራጅ ካፑር ለራሱ የሰጠውን የሱንደርን ሚና ቢያቆላምጥም፣ ይህን ንግግር ከፊልሙ አላስቀረም፤ ስለዚህ ፊልሙ ራድሃን ረስቷታል የሚለውን የዛሬ ተመልካቾች ትችት ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የረሳት አብዛኛው ተመልካች ነው።

በእኛ ዘንድ የሕንድ ፊልም ወዳጆች ዋናውን ጀግና አክተር ብለው «አክተር አይሞትም» ይሉ ነበር፤ ጎፓል ደብዳቤውን የጻፈው እርሱ መሆኑን ተናግሮ በሱንደር ሽጉጥ ራሱን ሲገድል፣ አክተሩ የትኛው ነበር የሚለው ክርክር እንደገና ይቀጣጠላል። እኔን ያ ተኩስ ከሚያሳዝነኝ ይልቅ ያስቆጣኛል። ራድሃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ፊት መናገር በጀመረችበት ሰዓት ጎፓል ንግግሩን ዘጋው። ሱንደር ሲዘምት ቃል ሲሰጥ አልጠየቃትም፤ ሱንደር ሲመለስ ወደ ኋላ ሲል አልጠየቃትም፤ ሲሞትም አልጠየቃትም። ሱንደርና ራድሃ በጎፓል አስከሬን ፊት ይታረቃሉ፤ ነገር ግን ሸሽታው ወደነበረው ትዳር የተመለሰችው ባሏ ስለ ሽጉጡና ስለ ጥርጣሬው መልስ ሰጥቷት አይደለም፤ በዚያ ሐዘን ውስጥ ለመጠየቅ የሚሆን ቦታ ስላልተረፈላት ነው።